ለሳንባ ሽፋን ሜሶቴሊዮማ አዲስ ሕክምና ሲቀርብ ምን መጠየቅ ይገባል

ሜሶቴሊዮማ፣ ማለትም የሳንባ ሽፋን ካንሰር፣ ካለብዎ ስለ አዲስ መድኃኒት ከመጠየቅዎ በፊት የፓቶሎጂውን (የሥጋ ናሙና ምርመራውን) ውጤት ቅጂ ይቀበሉና የካንሰሩ ዓይነት የሰፈረበትን መስመር ይፈልጉ። ኤፒተሊዮይድ፣ ሳርኮማቶይድ ወይም የሁለቱ ቅልቅል የሆነው ባይፌዚክ ተብሎ ይጻፋል፤ ወረቀቱ ላይ «ሜሶቴሊዮማ» ብቻ ሰፍሮ ከሆነ ዓይነቱ እንዲገለጽልዎ ይጠይቁ።

ይህች አንዲት ቃል ምርጫውን ትለውጣለች። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2020 ኒቮሉማብና ኢፒሊሙማብ የተባሉትን፣ የሰውነትን መከላከያ በካንሰሩ ላይ የሚያነሡ መድኃኒቶች፣ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ለማይችል ሜሶቴሊዮማ የመጀመሪያ ሕክምና እንዲሆኑ ፈቅዷል። 605 ሕመምተኞች በተሳተፉበት ጥናት ግማሾቹ በሕይወት የቆዩበት ጊዜ በኬሞቴራፒ 14.1 ወር፣ በሁለቱ መድኃኒቶች ደግሞ 18.1 ወር ነበር፤ ኤፒተሊዮይድ ካልሆኑት መካከል ግን ልዩነቱ ሰፍቶ በኬሞቴራፒ 8.8 ወር፣ በሁለቱ መድኃኒቶች 18.1 ወር ሆኗል። (ቁጥሩ የብዙዎች መለኪያ እንጂ ለአንድ ሰው የተቆረጠ ቀን አይደለም።) በ2024 ደግሞ የዚሁ ዓይነት መድኃኒት የሆነው ፔምብሮሊዙማብ ከኬሞቴራፒ ጋር ተጣምሮ ተፈቅዷል። ስለዚህ ሐኪሙን «ለእኔ ዓይነት የትኛው ይሻላል?» ብለው በቀጥታ ይጠይቁ።

ኬሞው ፔሜትሬክስድ ያለበት ከሆነ፣ የፎሊክ አሲድ ክኒንና የቫይታሚን ቢ12 መርፌ ከመጀመሪያው መድኃኒት አንድ ሳምንት ቀድመው መጀመር አለባቸው፤ ክኒኑ በየቀኑ ይቀጥላል። በመከላከያ አነቃቂዎቹ ጊዜ የሚመጣ ተቅማጥ ወይም አዲስ ሳል፣ ከሳምንታት በኋላም ቢሆን፣ የአንጀት ወይም የሳንባ ብግነት ሊሆን ስለሚችል «ምግቡ ነው» ወይም «ብርድ ነው» ብለው ሳያልፉ በዚያው ቀን ይደውሉ።

ቀዶ ሕክምና ከተመከረ በጥንቃቄ ይመርምሩ። በብሪታንያ የተካሄደው ማርስ 2 የተባለ ጥናት የሳንባ ሽፋኑን በሰፊው ማንሣት በኬሞ ላይ ሲጨመር ዕድሜን እንዳላራዘመ፣ ከባድ ጉዳትንም እንዳበዛ አሳይቷል፤ እንዲህ ያለ ሐሳብ ሲቀርብልኝ እኔ ሁለተኛ ሐኪም ሳላማክር አልፈርምም ነበር።

ገና በሙከራ ላይ ያለ ሕክምና ከፈለጉ ጥያቄውን የመጀመሪያውን መድኃኒት ከመውሰድዎ በፊት ያንሡ፤ አንዳንድ ሙከራዎች ሕክምና ያልጀመረ ሰው ብቻ ስለሚቀበሉ፣ ከተጀመረ በኋላ በሩ ይዘጋል።