ቀዝቃዛው ውሃ ይንፎለፎላል፣ ሙቁ ይቀጥናል

ሮቶው ውሃ እንዳለው፣ ዋናው ቫልቭ እስከ መጨረሻው እንደተከፈተ፣ የቧንቧው አፍ ላይ ያለችው ወንፊት እንደታጠበች ይዤ ልነሳ። ሙቁም ቀዝቃዛውም እኩል ከቀጠኑ ደግሞ ቦይለሩን፣ ማለትም የውሃ ማሞቂያውን፣ አትንኩት። ውሃ ከላይ ሲወርድ በ10 ሜትር ከፍታ የሚያገኘው ግፊት 1 ባር ያህል ነው። ሮቶው ከቧንቧው 3 ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ጥፋቱ የማንም አይደለም። እኔ የማወራው ሙቁ ብቻ ስለሚቀጥንበት ቤት ነው።

ምልክት፦ ሲከፈት ደህና ይጀምራል፣ ሙቀቱ ሲደርስ ይቀጥናል። ወንፊቷ ላይ ጥቁር ፍርፋሪ አለ።

ፍሌክሲብሉ ነው፣ መስመሩን ከቧንቧው ወይም ከቦይለሩ ጋር የምታገናኘው አጭር ተጣጣፊ ቱቦ። አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

ከውጭ ሲያዩት በሽቦ የተጎነጎነ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ነው። ውስጡ ግን ጎማ ነው። ርካሹ ላይ ያለው ጎማ ሙቀት አይችልም። ይላላል፣ ያብጣል፣ ከሽቦው ተላቆ ወደ ውስጥ ይጨማደዳል። ግማሽ ኢንች ተብሎ የሚሸጠው ፍሌክሲብል ሲጀመርም የውስጥ ቀዳዳው 8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ጎማው ሲያብጥ ምን ይቀረዋል?

የእኛ አገር ብርድ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲመጣ ሁሉም ሰው የቦይለሩን ሙቀት መቆጣጠሪያ እስከ ጥግ ያዞረዋል። ብዙዎቹ ቦይለሮች እዚያ ላይ 75፣ 80 ዲግሪ ይደርሳሉ። 60 ከበቂ በላይ ነው፤ ማን ይስማ! ቆላው ሸዋ ሮቢት ወርዳችሁ ስለዚህ ችግር ብታወሩ ግን ይስቁባችኋል።

እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ አንዲት እናት ሙቁ ቀጠነባቸውና ሠራተኛ ጠሩ። ቦይለሩ አርጅቷል አላቸው። አዲስ ተገዝቶ ተሰቀለ፣ ሙቁ ያው። እኔ ስደርስ ገና ከበሩ፣ «አንተም ቦይለር ግዙ ልትለኝ ነው?» አሉኝ።

«አይ እማማ፣ ባልዲ ብቻ ይስጡኝ።»

ሰውዬው አዲሱ ቦይለር ላይ አሮጌዎቹን ፍሌክሲብሎች መልሶ አስሯቸዋል። የሙቁን ፈትቼ በመጋዝ ለሁለት ሰነጠቅሁት። ጎማው ተጣጥፎ መሃሉ ላይ የቀረችው ቀዳዳ የክብሪት እንጨት በግድ ታሳልፋለች። ጥቁሩ እጄ ላይ ቀረ። እማማ አገላብጠው አዩትና «ለዚህች ነው?» አሉ። ምን እላቸዋለሁ?

አንድ ፔንሲዮን ውስጥ ደግሞ በየክፍሉ ያው ርካሽ ዓይነት ታስሮ ነበር። የአንዱ ክፍል ሲጠገን የጎረቤቱ ይቀጥናል። ባለቤቱን ሁሉንም ባንዴ እንቀይር ብለው «የሚሠራውን ለምን እቀይራለሁ?» አለኝ። ክረምቱን ሙሉ ሲያስጠራኝ ከረመ።

እንዲህ ለዩት። መጀመሪያ የቦይለሩን ብሬከር አውርዱ። የቦይለሩ መብራት ጠፍታለች ብላችሁ አትመኑ፣ ብሬከሩን አውርዱ። ውሃው እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ከእጅ መታጠቢያው ሥር የሙቁን ቫልቭ ዝጉና የፍሌክሲብሉን ላይኛ ጫፍ ከሚክሰሩ፣ ሙቁንና ቀዝቃዛውን ከሚቀላቅለው ቧንቧ፣ ፍቱት። ጫፉን ባልዲ ውስጥ ይዛችሁ ቫልቩን ክፈቱ። በኃይል ከፈሰሰ ፍሌክሲብሉ ነፃ ነው፣ የሚክሰሩን ካርትሪጅ፣ ከእጀታው ሥር ውሃውን የሚከፍትና የሚዘጋውን ክፍል፣ እዩ። ከቀጠነ ታችኛውንም ጫፍ ፍቱትና ከቫልቩ በቀጥታ ፈትኑ። እዚያ ከተንፎለፎለ ሌባው እጃችሁ ላይ ነው። እዚያም ከቀጠነ ወደ ቦይለሩ ሂዱ፤ እሱም ሁለት ፍሌክሲብል አለው።

ስትገዙ በቀዳዳው አሻግራችሁ ተመልከቱ። ሁለት ሦስቱን አስተያዩ፣ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ዳዶው ቀጭንና ቀላል ከሆነ መልሱት። የሙቀት መጠን ያልተጻፈበትን ለሙቅ መስመር አትግዙ። ስታስሩ በእጅ አጥብቁ፣ ከዚያ በቁልፍ ሩብ ዙር ይበቃል። ጋስኬት (የጎማ ቀለበት) ባለበት ዳዶ ላይ ቴፍሎን (ነጩ የቧንቧ ፕላስተር) አይጠቀለልም። ረጅም ገዝታችሁ አጥፋችሁ አታስገቡት፣ የታጠፈበት ቦታ ላይ ይዘጋል።

ምልክት፦ በቤቱ ያለ ሙቅ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀጭን ነው።

ወደ ቦይለሩ ቀዝቃዛ ውሃ የሚገባበት ላይ ያለችውን ሴፍቲ ቫልቭ ጠርጥሩ። ውስጧ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ በስፕሪንግ የሚሠራ መዝጊያ አለ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከእያንዳንዱ መቋረጥ በኋላ ዝገትና አሸዋ ይመጣና እዚያ ይሰነቀራል። ፈትታችሁ እጠቧት፣ መዝጊያው ካልተንቀሳቀሰ ቀይሩ።

አውጥታችሁ በቀጥታ አታገናኙ! «ፍሰቱ ተሻለ» ብለው ደስ ብሏቸው የተቀመጡ ቤቶች አይቻለሁ። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ 80 ሊትር ቦይለር ሲሞቅ ከ1 ሊትር በላይ ትርፍ ውሃ ይፈጥራል። መውጫ ካጣ ጋኑ ሊፈነዳ ይችላል። ሲሞቅ በጎኗ የምታንጠባጥበውም ለዚሁ ነው። ያቺን ቀዳዳ በቡሽ የወተፈ ሰው አጋጥሞኛል። ስለ እሱ ባልናገር ይሻላል።

ከሠራችሁ በኋላ ሙቁን ቧንቧ ከፍታችሁ ውሃው መተንፈሱን ትቶ ወጥ ሆኖ እስኪፈስ ጠብቁ። ብሬከሩ የሚነሳው ከዚያ ነው። በባዶ ጋን የተለኮሰ ኤለመንት፣ ውሃውን የሚያሞቀው ብረት፣ ይቃጠላል።

የቀሩት አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ ናቸው። ወንፊቷና ካርትሪጁ ላይ ነጭ ድድር ካለ አቼቶ ውስጥ አሳድሩት። ጌት ቫልቭ (እጀታው እየዞረ የሚዘጋው ዓይነት) እጀታው እየዞረ ውስጡ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል፣ ቀይሩት። ማለዳ ብቻ ጠፍቶ ፀሐይ ሲወጣ የሚመለስ ከሆነ ውጭ የተዘረጋው ቱቦ በውርጭ ረግቷል፣ ሸፍኑት። አዲስ ቤት ውስጥ ከገባችሁበት ቀን ጀምሮ ሙቁ ቀጭን ከሆነ የፒፒአር፣ በሙቀት የሚበየደውን የፕላስቲክ ቱቦ፣ ብየዳ ጠርጥሩ። ሠራተኛው ከልክ በላይ አሙቆ ሲገፋው ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ ይቀልጥና ቱቦውን ያጠበዋል። ያንን መገጣጠሚያ ቆርጦ እንደገና ከመበየድ ሌላ መፍትሄ የለውም፤ ግድግዳውም መሰበሩ አይቀርም።