የኤስፕሬሶ ማሽናችሁን ማጣሪያ ቀይሩት

ቤታችሁ ትንሽ ኤስፕሬሶ ማሽን ካለ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቡናው የሚሞላበትን የብረት ማጣሪያ አውጡና ገልብጣችሁ እዩት። ውስጡ ብዙ ቀዳዳ ኖሮት ከሥሩ የመርፌ ጫፍ የምታክል አንዲት ቀዳዳ ብቻ ካለችው፣ ግድግዳው ድርብ ነው። አረፋውን የምትሠራው ያቺ ቀዳዳ ናት እንጂ ቡናው አይደለም። ጥሩ የሐረር ቡና እዚያ ውስጥ ሲባክን በጣም ያሳዝነኛል።

ግድግዳው ነጠላ በሆነ፣ ከሥሩም ብዙ ቀዳዳ ባለው ማጣሪያ ቀይሩት። ማሽን መፍታት፣ ሽቦ መነካካት የለበትም። ብቻ መጀመሪያ ማጣሪያው የሚቀመጥበትን ባለ እጀታ መያዣ የውስጥ ስፋት በማስመሪያ ለኩ። 51፣ 54 እና 58 ሚሊሜትር የተለመዱ ናቸው። እኔ ሳልለካ ገዝቼ አልገባ ስላለኝ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ሁለቴ ተመላልሻለሁ።

ከዚያ አፈጫጨቱ ይቀየራል። በሙቀጫ የተወቀጠ ቡና አይሆንም፣ እኩል ስለማይደቅ ውሃው ፏ ብሎ ያልፋል። በጣታችሁ ስታሹት ከደቃቅ ጨው ትንሽ የላመ ይሁን። 14 ግራም ቡና አድርጋችሁ ጠቅጠቅ አድርጉት። ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ውስጥ 28 ግራም ያህል ከወረደ ተሳክቷል። ከፈጠነ አልሙት፣ ከዘገየ ትንሽ አሻክሩት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ሲኒዎች ቢበላሹ አትበሳጩ።

የድሬ ልጆች ደግሞ የሻይ ማንቆርቆሪያችሁን ውስጥ እዩት። ያ ነጭ ቅርፊት ማሽኑም ውስጥ ይጋገራል። ማዕድኑ ያነሰ የታሸገ ውሃ ሙሉበት።