ብራውዘር ከመቀየርዎ በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብራውዘሩ ሲንቀራፈፍበት ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሌላ መጫን ነው። አንዱ ክሮም ራም (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ሜሞሪ) ጨረሰብኝ ብሎ ወደ ኤጅ ይሄዳል፣ ሌላው ኤጅ ሰለቸኝ ብሎ ወደ ኦፔራ። ጥቂት ቆይቶ ያው ቅሬታ ይመለሳል። በብራውዘሮች መካከል ልዩነት የለም ማለቴ አይደለም። አለ፣ ቁም ነገርም ነው። ግን ብዙዎቻችን የምንፈልገው በሌለበት ቦታ ነው፤ ያማረረን ነገር አብዛኛው የመጣው ከአጠቃቀማችን ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ስምን ከስም ማወዳደር ነው። እያንዳንዱ ብራውዘር የድረ ገጹን ኮድ ወደምናየው ገጽ የሚቀይርለት ሞተር አለው። ክሮም፣ ኤጅ፣ ኦፔራ፣ ብሬቭ እና ቪቫልዲ ሁሉም የተሠሩት ጉግል በጀመረው ክሮሚየም በተባለ ክፍት ፕሮጀክት ላይ ነው፤ ሞተራቸውም ብሊንክ ይባላል። ኦፔራ የራሱን ሞተር ትቶ ወደዚህ የገባው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ማይክሮሶፍትም በ2020 መጀመሪያ ያወጣው አዲሱ ኤጅ የቆመው በዚሁ መሠረት ላይ ነው። ስለዚህ ክሮም ላይ ተበላሽቶ የታየ ገጽ ኤጅ ላይ ቢከፍቱት ብዙውን ጊዜ እንደዚያው ተበላሽቶ ያገኙታል። በሌላ ሞተር ማየት ከፈለጉ በጌኮ የሚሠራውን ፋየርፎክስ ወይም በዌብኪት የሚሠራውን ሳፋሪ ይሞክሩ። አይፎን ላይ ደግሞ ነገሩ ይለያል። አፕል ለረጅም ዓመታት ሁሉም ብራውዘር ዌብኪትን እንዲጠቀም ሲያስገድድ ቆይቶ፣ በ2024 ለአውሮፓ ኅብረት ተጠቃሚዎች ደንቡን አላልቷል። አይፎን ላይ ያለው ክሮም ኮምፒውተር ላይ ካለው ጋር በስም አንድ ይሁን እንጂ ሞተራቸው ለየቅል ነው።

የፍጥነት ንጽጽሩም ብዙ ጊዜ ፍትሐዊ አይደለም። ለዓመታት ሲገለገሉበት የኖሩትን፣ ኤክስቴንሽን (ብራውዘሩ ላይ የሚጫን ተጨማሪ መሣሪያ) የታጨቀበትን ብራውዘር ዛሬ ከተጫነ ባዶ ብራውዘር ጋር ያወዳድሩና “አዲሱ ይበራል” ይላሉ። የሚበረው ባዶ ስለሆነ ነው! በእውነት ለማወዳደር በአሮጌው ላይ አዲስ ፕሮፋይል (የራሱ ሴቲንግና መረጃ ያለው ባዶ የተጠቃሚ ቦታ) ይክፈቱ፤ ምንም ኤክስቴንሽን ሳይጨምሩ ያንኑ ገጽ በሁለቱም ይሞክሩት። ልዩነቱ ከጠፋ መጽዳት ያለበት የድሮው ፕሮፋይል ነው።

ስለ ራም የሚደረገው ክርክር ምክንያቱ ቢታወቅ ኖሮ በጣም ይቀንስ ነበር። ክሮም ከ2018 ጀምሮ ኮምፒውተር ላይ የተለያዩ ድረ ገጾችን በተለያየ ፕሮሰስ፣ ማለትም ለየብቻ በሚሠራ የፕሮግራም ክፍል፣ ያስኬዳል። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ስፔክተር የተባለ የፕሮሰሰር ክፍተት ይፋ ሆኖ ስለነበር፣ አንዱ ገጽ የሌላውን መረጃ ከራም ላይ እንዳይሰርቅ ታስቦ ነው። ፋየርፎክስም በ2021 ተከተለ። ራሙ በከፊል ለደኅንነታችን የሚከፈል ዋጋ ነውና በዚህ ብራውዘሩን መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም። ለማስታወሻ ተብሎ ተከፍቶ የሚከርመው ታብ ግን የእኛው ነው። ዊንዶውስ ላይ ክሮም ከፍተው ሺፍትና ኢስኬፕን አብረው ይጫኑ፤ የትኛው ታብና ኤክስቴንሽን ምን ያህል ሜሞሪ እንደያዘ የሚያሳየው የብራውዘሩ የራሱ ታስክ ማናጀር ይመጣል። የሜሞሪውን ዓምድ ሲጫኑት ዝርዝሩ እንደ መጠኑ ይደረደራል፤ አናቱ ላይ የሚወጣው ብዙ ጊዜ አንድ የተረሳ ታብ ወይም አንድ ኤክስቴንሽን ነው። እሱን ብቻ ነጥለው መዝጋት ይችላሉ። ቆይተው የሚያነቡትን ቡክማርክ ያድርጉት። መዝጋትንም አይፍሩ፦ በስህተት የዘጉት ታብ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቲ አንድ ላይ ሲጫኑ ይመለሳል።

ኢንኮግኒቶ የሚባለው የብራውዘሩ የግል መስኮት ይደብቀኛል ብሎ ማመን ከስህተቶቹ ሁሉ አሳሳቢው ነው። መስኮቱ ሲዘጋ የሚጠፋው እዚያው መሣሪያ ላይ የነበረው ሂስትሪና ኩኪ (ድረ ገጾች እኛን ለማስታወስ የሚያስቀምጡት ትንሽ መረጃ) ነው። ያወረዱት ፋይል ይቀራል። የጎበኙት ድረ ገጽ ያይዎታል፣ የመሥሪያ ቤትዎ ኔትወርክም ሆነ ኢንተርኔት የሚያቀርብልዎ ድርጅት የት እንደገቡ ማየት ይችላሉ። አካውንትዎን ከፍተው ከገቡማ ማንነትዎን ራስዎ ነገሩት ማለት ነው። በዚህ ጉዳይ በ2020 ጉግል ላይ የቀረበው ክስ በ2024 በስምምነት ሲያልቅ፣ ኩባንያው በቢሊዮን የሚቆጠሩ የአሰሳ መዝገቦችን ለማጥፋት ተስማምቷል። ብራውዘሮችን ማወዳደር የሚገባን እዚህ ላይ ነው፤ ከጣቢያ ጣቢያ እየተከተሉ የሚከታተሉንን የሦስተኛ ወገን ኩኪዎች እያንዳንዱ ብራውዘር ምን ያደርጋቸዋል? ሳፋሪ ከ2020 ጀምሮ ምንም ሳይነካኩ ያግዳቸዋል። ፋየርፎክስ ከ2022 ጀምሮ የእያንዳንዱን ጣቢያ ኩኪ ለየብቻ ይቆልፋል። ክሮም ሊያስቀራቸው አቅዶ ሐሳቡን ስለለወጠ፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ራስዎ ማገድ አለብዎት። ዛሬውኑ ያድርጉት።

ኤክስቴንሽን አንዴ ጭኖ መርሳትም አደጋ አለው። ግሬት ሰስፔንደር የሚባል፣ ሥራ የፈቱ ታቦችን እያስተኛ ራም የሚቆጥብ ተወዳጅ ኤክስቴንሽን ነበር። ሠሪው በ2020 ለሌላ ባለቤት አስተላለፈው፤ በ2021 ፌብሩዋሪ ጉግል ጎጂ ኮድ አለበት ብሎ ከተጠቃሚዎች ብራውዘር ላይ አገደው። የጫኑት ሰዎች ያጠፉት ነገር አልነበረም፣ ባለቤቱ መለወጡን ግን አላወቁም። “በሁሉም ድረ ገጽ ያለ መረጃዎን ማንበብና መለወጥ” የሚል ፈቃድ የሰጡት ኤክስቴንሽን የባንክ ገጽዎንም ያነባል። የማይጠቀሙበትን ያስወግዱ።

ከድረ ገጹ አድራሻ አጠገብ የምትታየውን የቁልፍ ምልክት የታማኝነት ማስረጃ ማድረግም ቀላል ስህተት አይደለም። ምልክቷ የምትለው በእርስዎና በጣቢያው መካከል ያለው ግንኙነት ተመስጥሯል ብቻ ነው፤ አጭበርባሪም ይህን በነፃ ያገኛል። ክሮም በ2023 ከአድራሻው አጠገብ ያነሳትም ሰው በስህተት ስለሚረዳት ነው። የሚነበበው የአድራሻው ፊደል ነው፣ እያንዳንዱ።

አፕዴት ደግሞ ወርዶ ሳለ ብራውዘሩ ተዘግቶ እስኪከፈት ሥራ ላይ አይውልም። ኮምፒውተሩን ሳያጠፉ ለሳምንታት የሚያቆዩ ሰዎች በአሮጌው እየሠሩ ነው።

ይህን ሁሉ አይተው አሁንም መቀየር ከፈለጉ፣ መቀየርዎ ተገቢ ነው። አዲሱ ብራውዘር የይለፍ ቃሎችዎን በቀጥታ ከአሮጌው እንዲወስድ ያድርጉ። ይህ ካልሆነና በፋይል ማውጣት ካለብዎት፣ ፋይሉ ውስጥ ያሉት የይለፍ ቃሎች ያለ ምንም ምስጠራ ማንም ሊያነባቸው በሚችል መልኩ እንደተጻፉ ይወቁ። አዲሱ ላይ አስገብተው እንደጨረሱ ፋይሉን ከዳውንሎድ ፎልደር ያጥፉት፣ ከሪሳይክል ቢንም እንዲሁ።