የድሮ የፍቅር ፊልም ከእናትዎ ጋር እንዴት ይታያል

ድሮ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ካሴት አከራይ ነበርኩ። ቪዲዮ ቤቱ ከተዘጋ ቆየ፤ ፊልም ለሰው የማሳየት ሱሱ ግን አልለቀቀኝም። በተለይ «በዘመኑ ጉድ ያሰኘ» የሚባለውን ዓይነት። ብዙ ጊዜ ከሽፎብኛል፤ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ምሳሌዬ እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው «ገስ ሁስ ካሚንግ ቱ ዲነር» ነው። ለእራት ማን እንደሚመጣ ገምት እንደማለት። የ23 ዓመት ነጭ ልጅ ካወቀችው ገና 10 ቀን የሆነውን ጥቁር ሐኪም ሳን ፍራንሲስኮ ወላጆቿ ቤት ይዛው ከች ትላለች። ሐኪሙን የሚጫወተው ሲድኒ ፖይቲየር ነው።

መጀመሪያ ነገር፣ ቀድማችሁ አትስበኩ። እኔ ለእህቴ ልጅ «ይሄ በጊዜው ድፍረት ነበር!» ብዬ ጀመርኩ። ድፍረቱን ስትጠብቅ ስትጠብቅ ስልኳን አወጣች። አልፈረድኩባትም። መሳሳሙ አንዴ ነው፤ እሱም የሚታየው በታክሲው ስፖኪዮ ውስጥ ነው። እዚያ ጋ መልሱና ሹፌሩን አሳዩ። ፊቱን ብቻ።

ዓመቱን የምትናገሩት ከዚያ በኋላ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ እንዳይጋቡ የሚከለክለውን ሕግ የሻረው ጁን 12 ቀን 1967 ነው። ክልከላው እስከዚያ ቀን በ16 ግዛቶች ይሠራ ነበር። ፊልሙ ደግሞ ያኔ ተቀርጾ አልቋል፤ ሲኒማ ቤት የገባው ዲሴምበር ላይ ነው። ይህን ስነግራት የእህቴ ልጅ ስልኳን አስቀመጠች።

ሁለተኛ፣ ትልቅ ሰው አስቀምጡ። 108 ደቂቃ ነው፤ ከአቦል እስከ በረካ ያደርሳል። ላፕቶፑን ቻርጅ አድርጉ፣ መብራት አይታመንም። እናቴ እንግሊዝኛ አትሰማም፤ እኔ በአጭር በአጭሩ እነግራታለሁ። ረጅም ትርጉም ፊልሙን ይገድለዋል።

ሐኪሙ ብቻውን የልጅቷ እናትና አባት ዘንድ ገብቶ «እናንተ ካልፈቀዳችሁ ጋብቻው ይቀራል» ሲል እናቴ ሲኒዋን አስቀመጠች።

«ሽማግሌ ሳይልክ? ራሱ?»

ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ልጅቷስ ይህን ታውቃለች?»

አታውቅም። የእህቴ ልጅ ብድግ አለች። «እሷን ማን ጠየቃት?» ፊልሙ ያረጀው እዚህ ጋ ነው እላለሁ፣ በመሳሳሙ አይደለም። ፊልሙን አቁሙና አከራክሩ። እኛ ቤት ቡናው እስኪቀዘቅዝ ተከራከርን።

ሰውየው ደግሞ እንከን የለውም። የታወቀ ሐኪም ነው፤ ስልክ ስለደወለ እንኳ ሒሳቡን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ይወጣል። «እንዲህ ያለ አማች ከየት ይገኛል!» አለች እናቴ። አባትየው ከቀለሙ በቀር የሚያነሳበት ሰበብ እንዳይኖረው ነው የፊልሙ ሠሪዎች እንዲህ ያደረጉት። ገብቶኛል፤ ግን ተራ መምህር ወይም ሹፌር ቢሆን ኖሮ የበለጠ ይደፍሩ ነበር። «የማን ዘር ነው?» የሚለውን ጥያቄ ለምናውቅ ለእኛ ደግሞ ምሁር መሆን ብዙ ጊዜ አያድንም።

የአባትየውን የመጨረሻ ንግግር ግን በፍጹም አታቋርጡ። አባትየውን የሚጫወተው ስፔንሰር ትሬሲ የራሱን ቀረጻ በጨረሰ በ17ኛው ቀን ሞተ። ሚስቱን የምትጫወተው ካትሪን ሄፕበርን በእውኑ ዓለምም ለረጅም ዓመታት ወዳጁ ነበረች። እንባዋን ስታዩ ይገባችኋል። ያለቀውን ፊልም አላየሁትም ብላለች። ይህን ቀድማችሁ ከተናገራችሁ ሰው ሁሉ እንባ ፍለጋ ይገባል፤ ለመጨረሻ አቆዩት።

አንድ ነገር ቀረ። የቤት ሠራተኛዋን ቲሊን ከመጀመሪያው ጀምሮ ተከታተሏት። እሷም ጥቁር ናት፤ ሐኪሙን ከሁሉም አብልጣ የምትቆጣው ግን እሷ ናት። አባትየው ስለ ፍቅር ያን ሁሉ ተናግሮ ሲጨርስ የሚዞረው ወደ እሷ ነው፦ እራቱ መቼ ነው የሚቀርበው? ፊልሙ በዚህ ያልቃል።

እናቴ ሲኒዎቹን እየሰበሰበች፣ «እሷስ አብራቸው ትቀመጣለች?» አለችኝ።