ኮምፒውተሩ አልነሳ ሲል፦ ከግድግዳው ሶኬት እስከ ፓወር ሰፕላዩ

ባሕር ዳር ውስጥ ዕቃው ለየብቻ ተገዝቶ ቤት የተገጣጠመ ኮምፒውተር አልነሳ ሲል ወይም በሥራ መሀል በድንገት ሲጠፋ፣ ብዙ ጊዜ ፍርዱ የሚሰጠው ሳይለካ ነው፤ ፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም የሶኬቱን ኃይል ለኮምፒውተሩ ዕቃዎች ለውጦ የሚያቀርበው ሳጥን፣ ተቃጥሏል ይባልና ሌላ ይገዛል። ፍርዱ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስህተት ከሆነ ግን ገንዘቡ በከንቱ ይወጣል፤ ከዚህም የከፋው፣ ምክንያቱ ከቤቱ መስመር ከነበረ አዲሱም ዕቃ በዚያው መንገድ መበላሸቱ ነው። ስለዚህ ምርመራው ከግድግዳው ሶኬት ተነሥቶ ወደ ውስጥ መሄድ አለበት። የሚያስፈልገው መሣሪያ ቀላል ነው፤ መልቲሜትር (ቮልቴጅ መለኪያ)፣ ካቻቢቴ እና አንድ አግራፍ።

ከሁሉ በፊት የፓወር ሰፕላዩን ሽፋን አይክፈቱ። ከሶኬቱ የሚገባው 220 ቮልት ውስጥ ወደ ቀጥተኛ ጅረት ሲለወጥ ወደ 310 ቮልት ገደማ ይደርሳል፤ በአዳዲሶቹ ዓይነቶች ደግሞ ወደ 400 ቮልት ይጠጋል። ይህን የሚይዘው ትልቁ ካፓሲተር ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ሰው የሚጎዳ ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል። ከዚህ በታች የተገለጸው ልኬት ሁሉ ሽፋኑ ሳይነካ የሚደረግ ነው።

ምንም ምልክት የማይሰጥ ኮምፒውተር

ማራገቢያ የማይዞር፣ መብራት የማይበራ ከሆነ፣ በመጀመሪያ በዚያው ሶኬት ላይ ሌላ ዕቃ ሰክተው ይሞክሩ። ዲቫይደር ካለ አውጥተው ኮምፒውተሩን በቀጥታ ከግድግዳው ጋር ያገናኙት፤ የኃይል ገመዱንም በሌላ ይለውጡ፤ ከኋላ ያለው ማብሪያ መከፈቱን ይመልከቱ። በአሮጌ ፓወር ሰፕላዮች ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ መቀያየሪያ ይገኛል። ይህ 115 ላይ ሆኖ በእኛ አገር 220 ቮልት ላይ ከተሰካ ወዲያው ፈንድቶ ይሞታል፤ ከዚያ በኋላ ማስተካከልም ዋጋ የለውም።

ሶኬቱ ደህና ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ተሰክቶ ሳይበራ፣ ወደ ማዘርቦርዱ (ዕቃዎቹ ሁሉ ወደሚያያዙበት ዋና ሰሌዳ) የሚሄደውን ባለ 24 ፒን ማገናኛ ከጀርባው በኩል ይለኩ። የመልቲሜትሩን ጥቁር ጫፍ በጥቁር ሽቦ፣ ቀዩን በሐምራዊው ሽቦ ላይ ሲያደርጉ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት መታየት አለበት፤ ይህ ኮምፒውተሩ ጠፍቶም የሚኖር ተጠባባቂ ኃይል ነው። ሽቦዎቹ ሁሉ ጥቁር ከሆኑ በቀለም ፈንታ ተጠባባቂው ፒን ቁጥር 9 መሆኑን ይያዙ። ንባቡ ዜሮ ከሆነ ገመዱን ከግድግዳ ነቅለው፣ ባለ 24 ፒኑንም ከማዘርቦርዱ ለያይተው፣ የግድግዳውን ገመድ ብቻ መልሰው ሰክተው እንደገና ይለኩ። ለብቻው ሲሆን 5 ቮልት ከመጣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የፓወር ሰፕላዩ ሳይሆን፣ ቦርዱ ላይ ወይም ከቦርዱ ጋር በተያያዘ ዕቃ ላይ ያለ ሾርት ነው። ለብቻውም ካልመጣ ፓወር ሰፕላዩ ሞቷል።

ተጠባባቂው ኃይል ካለና ኮምፒውተሩ ግን ካልተነሳ፣ የኬዙን (የኮምፒውተሩን ሳጥን) ማብሪያ ይጠርጥሩ። ከማዘርቦርዱ ላይ የማብሪያውን ሽቦ ነቅለው ሁለቱን ፒኖች በካቻቢቴ ጫፍ ለቅጽበት ያነካኩ። ከተነሳ የሚለወጠው ማብሪያው ብቻ ነው።

ይህም ካልሠራ የአግራፉ ሙከራ ይቀራል። ፓወር ሰፕላዩ ከኮምፒውተሩ ዕቃዎች ሁሉ ተለይቶ፣ አንድ የኬዝ ማራገቢያ ወይም አሮጌ ሃርድ ዲስክ ብቻ ተያይዞበት፣ አረንጓዴው ሽቦ ከአጠገቡ ካለው ጥቁር ጋር በተዘረጋ አግራፍ ይገናኛል፤ አረንጓዴው ፒን ቁጥር 16 ነው። አግራፉን የሚያስገቡት ገመዱ ከግድግዳ ተነቅሎ ሳለ ነው። ከተነሳ በኋላ ቢጫው ከ11.40 እስከ 12.60፣ ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25፣ ብርቱካንማው ከ3.14 እስከ 3.47 ቮልት ማሳየት አለባቸው። ብዙ ሰው ማራገቢያው ሲዞር አይቶ ጤነኛ ነው ብሎ ይደመድማል፤ ይህ ግን ያለ ጭነት መነሣቱን ብቻ ነው የሚያሳየው። ጭነት መሸከሙን አያረጋግጥም።

ማራገቢያው ዞር ብሎ ወዲያው ሲቆም

ይህ አብዛኛውን ጊዜ ሾርት ሲኖር ፓወር ሰፕላዩ ራሱን የሚከላከልበት መንገድ ነው። አዲስ በተገጣጠመ ኮምፒውተር ላይ የተለመደው ምክንያት ከማዘርቦርዱ ሥር ቦታውን ስቶ የቀረ የብረት መደገፊያ ወይም የወደቀ ቡሎን ነው። ቦርዱን አውጥተው በካርቶን ላይ ያስቀምጡ፤ ፕሮሰሰሩን ከነማራገቢያውና አንድ ራም ብቻ ትተው ያስነሱ፤ ከተነሳ ሌላውን ዕቃ አንድ በአንድ ይጨምሩ፤ በእያንዳንዱ ጊዜም ገመዱ ከግድግዳ ይነቀል። ገመዶቹ የሚነቃቀሉ ፓወር ሰፕላይ ካለዎት የሌላ ፓወር ሰፕላይ ገመድ ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የሽቦ አደራደር ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው ስለሚለያይ፣ ማገናኛው ቢገጥም እንኳ ሃርድ ዲስኩን ሊያቃጥለው ይችላል።

ሥራ ሲከብድበት የሚጠፋ

በጽሑፍ ሥራ ላይ ሰላም የሆነ፣ ጌም ሲከፈት ወይም ቪዲዮ ሲቀናበር ግን ድርግም የሚል ኮምፒውተር ከሁሉ ይልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ምክንያቱ ከአራት አንዱ ሊሆን ይችላልና፦ የፕሮሰሰር ወይም የግራፊክስ ካርድ ሙቀት፣ ከአቅም በላይ ጭነት፣ ያረጀ ካፓሲተር ወይም የቤቱ ቮልቴጅ መውረድ።

ሙቀቱን በፕሮግራም አይተው ከጥርጣሬ ያውጡት ወይም ያስገቡት። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ በዝቅተኛ ቦታ ካለው ይልቅ ስስ ነው፤ ያው ማራገቢያ የሚያወጣው ሙቀት በዚያው መጠን ይቀንሳል። በአቧራና መብራት አይተው በሚገቡ ነፍሳት የተደፈነ መተንፈሻ ሲጨመርበት ችግሩ ይብሳል።

ጭነቱን ለማወቅ በፓወር ሰፕላዩ ጎን የተለጠፈውን ሠንጠረዥ ያንብቡ። በትልቁ የተጻፈው ዋት አያታልልዎ፤ ቁም ነገሩ የ12 ቮልቱ አምፔር ነው። 500 ዋት ተብሎ 12 ቮልቱ 18 አምፔር ከሆነ፣ ለፕሮሰሰሩና ለግራፊክስ ካርዱ የሚደርሰው 216 ዋት ብቻ ነው። አርቲኤክስ 3060 የተባለው የግራፊክስ ካርድ ብቻውን እስከ 170 ዋት ስለሚወስድ ለፕሮሰሰሩ የሚተርፈው አይበቃም። ሠንጠረዡ በቂ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ከባድ ሥራ ላይ እያለ ቢጫውን ሽቦ ይለኩ፤ ከ11.40 በታች ከወረደ ፓወር ሰፕላዩ ደክሟል፤ መለወጥ ነው ያለበት።

አራተኛው ምክንያት በእኛ ቤቶች ከሚገመተው በላይ የተለመደ ይመስለኛል። ከተማዋ ለጢስ ዓባይና ለጣና በለስ ማመንጫዎች ቅርብ መሆኗ ለሶኬቱ ዋስትና አይሆንም፤ የሶኬቱን ቮልቴጅ የሚወስነው ከሰፈሩ ትራንስፎርመር እስከ ቤቱ ያለው ሽቦ ርዝመትና ውፍረት፣ በመስመሩ ላይ የሚሠራው ዕቃም ብዛት ነው። 3.5 ኪሎዋት የሚፈጅ የኤሌክትሪክ ምጣድ 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ የሽቦው መቋቋም 1 ኦም ብቻ ቢሆን እንኳ 16 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ጎረቤትም በዚያው ሰዓት ከጣደ ቮልቴጁ ከዚህም ይወርዳል። ፓወር ሰፕላዩ ደግሞ ቮልቴጅ ሲወርድ ያንኑ ዋት ለማቅረብ ተጨማሪ አምፔር ስለሚስብ አብሮ ይግላል። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ሶኬቱን ይለኩና በፓወር ሰፕላዩ ላይ ከተጻፈው የመግቢያ ቮልቴጅ ጋር ያስተያዩ፤ አንዳንዱ ከ100 እስከ 240፣ ሌላው ከ200 እስከ 240 ብቻ ይቀበላል። ኮምፒውተሩ የሚጠፋው በዚያ ሰዓት ብቻ ከሆነ መፍትሔው አዲስ ፓወር ሰፕላይ ሳይሆን ስታቢላይዘር ወይም የቤቱን ሽቦ ማሳደስ ነው።

መብራት ብልጭ ድርግም ሲል መጥፋቱ ብቻውን ብልሽት አይደለም። ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ ኃይል ተቋርጦ የሚታገሠው ለ16 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። ቀድሞ ይቋቋመው በነበረው መቆራረጥ ሁሉ አሁን የሚጠፋ ከሆነ ግን ትልቁ ካፓሲተር እየደከመ ነው።

ኬዙ ሲነዝር

እጅ ሲነካው የሚነዝር ኬዝ ብዙውን ጊዜ የፓወር ሰፕላዩ ጥፋት አይደለም። በመግቢያው ላይ ያሉት የማጣሪያ ካፓሲተሮች ጥቂት ጅረት ወደ ብረቱ ያሳልፋሉ፤ ይህም በግራውንድ ሽቦ በኩል ወደ መሬት መውረድ ሲገባው፣ ሶኬቱ ግራውንድ ከሌለው ኬዙ ላይ ይቀራል። መልቲሜትር ከመሬት አንጻር 110 ቮልት ገደማ ሊያሳይ ይችላል። የግራውንዱን ፒን መቁረጥ ወይም በሁለት እግር መሰኪያ ማለፍ ነገሩን ያባብሳል። ንዝረቱ ከመንዘር አልፎ ጠንክሮ የሚመታ ከሆነ ገመዱን ወዲያው ይንቀሉ፤ ግራውንዱን የሚዘረጋውም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይሁን።

ሲለወጥ

የተቃጠለ ሽታ ወይም የፍንዳታ ድምፅ ከነበረ እንደገና አይሞክሩት። ፊውዙን ብቻ ለውጦ ወይም በሽቦ አገናኝቶ ማስነሣት አደገኛ ነው፤ ፊውዙ የሚቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ ከእርሱ በኋላ ያለ ትራንዚስተር ሾርት ስለሆነ ነው። መብራት ሲሄድ ገመዱን ነቅሎ፣ ተመልሶ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ይጠቅማል፤ በክረምት ነጎድጓድ ጊዜ የኢንተርኔት ገመዱም አብሮ ይነቀል፣ መብረቅ በዚያም በኩል ይገባልና። አዲሱ ከተገጠመ በኋላ የኬዙን ጎን ሳይዘጉ ከባድ ሥራ አስጀምረው፣ ማታ ምጣዱ በጋለበት ሰዓት ሶኬቱንና ቢጫውን ሽቦ አንድ ጊዜ ይለኩ።