የቆየ የጌም ፕሮቶታይፕ ከመግዛትና ከማብራት በፊት እንዴት እንደሚመረመር

ለገበያ ሳይቀርብ የቀረ የቪዲዮ ጌም ኮንሶል (ማጫወቻ መሣሪያ) ወይም ለሙከራ ብቻ የተሠራ ካርትሪጅ (ጨዋታው የተጫነበት ተሰኪ ሳጥን)፣ ማለትም ፕሮቶታይፕ፣ በውድ የሚሸጠው ብርቅ ስለሆነ ነው፤ ብርቅነቱ እውነት መሆኑን የሚመሰክረው ግን የሻጩ ወሬ ሳይሆን ዕቃው ራሱ ነው። ኔንቲንዶና ሶኒ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ አብረው ሲሠሩት ቆይተው ስምምነታቸው በመፍረሱ ሳይወጣ የቀረው፣ የሱፐር ኔንቲንዶ ካርትሪጅና ሲዲ እንዲያጫውት የታሰበው ኮንሶል ፕሮቶታይፕ እ.ኤ.አ. በ2020 በሄሪቴጅ ጨረታ በ360,000 ዶላር ተሽጧል። እንዲህ ያለ ዋጋ በተሰማበት ገበያ ፎርጅድ መበራከቱ ስለማይቀር፣ ምርመራው ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት መጠናቀቅ አለበት።

በመጀመሪያ ዕቃው ከማን እጅ ወደ ማን እንደተላለፈ በጽሑፍ ይጠይቁ። ከላይ የተጠቀሰው ኮንሶል የተገኘው ቀድሞ የሶኒ ኃላፊ የነበረ ሰው በኋላ ይሠራበት ከነበረና ከከሰረ ድርጅት የንብረት ሽያጭ ነው፤ እንዲህ ያለ የማይደምቅ ነገር ግን ሊጣራ የሚችል መነሻ፣ ስሙ ከማይገለጽ «የኩባንያው ሠራተኛ» ተረት በእጅጉ ይሻላል። ለጌም ሠሪዎች የሚሰጡ የማበልጸጊያ መሣሪያዎች ብዙዎቹ በውሰት የተሰጡ የኩባንያው ንብረቶች ስለነበሩም፣ የባለቤትነት ጥያቄ ሊያስነሱ እንደሚችሉ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

ቀጥሎ የሰርክዩት ቦርዱን ፎቶ ከፊትና ከኋላ፣ በቺፖቹ ላይ ያለው ጽሑፍ በሚነበብበት ጥራት ይጠይቁ። የኔንቲንዶ ካርትሪጆች በአብዛኛው የሚከፈቱት በ3.8 ሚሊሜትር ልዩ መፍቻ ነውና ሻጩ መሣሪያ የለኝም ቢል አያስደንቅም፤ መፍቻው ከተገኘ በኋላም ለመክፈት እምቢ ካለ ግን ግዢውን መተው ይሻላል። ፎቶው ሲደርስ መጀመሪያ የሚታየው በብዙ ቺፖች ላይ የሚታተመው ባለ አራት አሃዝ የምርት ቁጥር ነው። ሁለቱ የመጀመሪያ አሃዞች ዓመቱን፣ ሁለቱ የመጨረሻዎች ሳምንቱን ያመለክታሉ፤ ለምሳሌ 9134 ማለት ቺፑ የተመረተው በ1991 በ34ኛው ሳምንት ነው ማለት ነው። በ1990 መጀመሪያ ተሠራ በተባለ ቦርድ ላይ ይህ ቁጥር ከተገኘ፣ ቺፑ በጥገና ጊዜ ካልተተካ በቀር ታሪኩ ውሸት ነው። የተተካ መሆኑን ደግሞ ብየዳው ያሳብቃል፤ በአንድ ቺፕ እግሮች ዙሪያ ብቻ አዲስና የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ወይም ያልተጠረገ የብየዳ ቅሪት ካለ ምክንያቱን ይጠይቁ። የተገላቢጦሹ ግን አይሠራም፦ አሮጌ ቺፕ ዛሬም ተገዝቶ ሊበየድ ስለሚችል፣ ትክክለኛ ቁጥር ብቻውን እውነተኛነትን አያረጋግጥም።

በውጭ የሚታይ ልዩ ምልክትም እንዲሁ ነው። ለ1990 የኔንቲንዶ የዓለም ሻምፒዮና ከተሠሩት ካርትሪጆች 90 ግራጫና 26 ወርቃማ እንደነበሩ ይታወቃል፤ የጨዋታውን ጊዜ የሚወስኑት ትናንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች ግን በኮፒዎቹም ላይ ስላሉ፣ እነርሱን አይቶ ማመን አይበቃም።

በፕሮቶታይፕ ካርትሪጆች ላይ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ማኅደረ ትውስታ ኢፒሮም የሚባለው፣ በአናቱ ላይ ትንሽ የመስታወት መስኮት ያለው ቺፕ ነው። መረጃው በአልትራቫዮሌት ብርሃን እንዲጠፋ ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ፣ መስኮቱ ሳይሸፈን ቀጥተኛ ፀሐይ ቢያገኘው አንድ ሳምንት ገደማ ሊበቃው ይችላል። ስለዚህ መስኮቱን የሸፈነውን ስቲከር፣ በእጅ የተጻፈው ጽሑፍ ምንም ያህል ቢያጓጓ፣ አይላጡት። ተሸፍኖ የቆየ ቺፕም ቢሆን በውስጡ የያዘው የኤሌክትሪክ ቻርጅ በአሥርተ ዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ስለሚፈስ፣ ዕቃው እንደተገኘ የመጀመሪያው ሥራ ጨዋታውን መሞከር ሳይሆን መረጃውን ቀድቶ ማስቀረት ነው ብዬ አምናለሁ። ካርትሪጁ በተሠራበት ኮንሶል ዓይነት ልክ የተዘጋጀ ማንበቢያ መሣሪያ ከተገኘ ቺፑን መንቀል አያስፈልግም። ቢያንስ ሁለት ጊዜ ያንብቡና የሁለቱን ፋይሎች ኤስኤችኤ-1 ቁጥር (ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣ መለያ) ያወዳድሩ፤ ካልተመሳሰሉ የካርትሪጁን ማገናኛ በአይሶፕሮፒል አልኮል አጽድተው ይድገሙት። የተገኘው ፋይል ለሽያጭ ከወጣው ጨዋታ ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ዕቃው እውነተኛ ቢሆን እንኳ ሰብሳቢዎች የሚጓጉለት ልዩነት የለውም፤ ዋጋውም በዚያው ልክ መውረድ ይኖርበታል።

ኮንሶል ከሆነ ደግሞ አዳፕተሩን ሳያረጋግጡ አይሰኩት። የኔንቲንዶ ኮንሶል የጃፓን ስሪት የሆነው ፋሚኮም 10 ቮልት ዲሲ፣ የመሰኪያው መሐል ኔጌቲቭ የሆነ አዳፕተር ይፈልጋል፤ የአሜሪካው ስሪት የኤንኢኤስ አዳፕተር ግን 9 ቮልት ኤሲ ይሰጣል። ሶኬታቸው አንዱ በሌላው የሚገባ በመሆኑ፣ የኤንኢኤሱን ፋሚኮም ላይ መሰካት ኮንሶሉን ሊያቃጥለው ይችላል። አንድ ብቻ ለሆነ ፕሮቶታይፕ ይህ ስህተት መመለሻ የለውም። ከኤሌክትሪኩ በፊት ካፓሲተሮቹም (ቦርዱ ላይ ያሉ ቻርጅ የሚይዙ ትናንሽ ክፍሎች) መታየት አለባቸው፦ በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ በተሠሩ ኮንሶሎች፣ በተለይ እንደ ሴጋ ጌም ጊር ባሉት፣ ከካፓሲተሮቹ ፈሳሽ ሾልኮ የቦርዱን መዳብ ይበላል። የዓሣ ዓይነት ሽታና በእግሮቹ ዙሪያ አረንጓዴ ዝገት ምልክቶቹ ናቸው፤ ከታዩ ቦርዱ ሳይጸዳና ካፓሲተሮቹ ሳይተኩ አይብራ። የወጡትንም አሮጌ ካፓሲተሮች በትንሽ ከረጢት ከዕቃው ጋር ያኑሩ፤ ቀጣዩ ገዢ መጠየቁ አይቀርም።

ፕላስቲኩ በዕድሜ ብዛት ቢጫ መሆኑ ብዙ አያስጨንቅ። ለሽያጭ የወጣን ኮንሶል በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ማንጣት የተለመደ ቢሆንም፣ በፕሮቶታይፕ ላይ ግን መለያ ጽሑፎችን ሊያጠፋ ስለሚችል መተው ይመረጣል።

በመጨረሻም፣ ካርትሪጁ የጨዋታ ሂደት የሚያስቀምጥ ባትሪ ካለው ባትሪውን ለመቀየር አይቸኩሉ። ባትሪው በተነቀለ ጊዜ በውስጡ የተቀመጠው አብሮ ይጠፋል፤ ያም ሠሪዎቹ ጨዋታውን ሲፈትሹ የተዉት መዝገብ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ የተቀመጠውን ፋይል ይቅዱ፣ ቅጂው እንደሚከፈት ያረጋግጡ፣ ከዚያ በኋላ ባትሪውን ይቀይሩ።