በቆሎ፣ አደንጓሬና ዱባ በአንድ ማሳ፦ የማያዎች አዘራር ለጎጃም ጓሮ

የጓቲማላንና የዩካታንን ጫካ ብዙ ሰው ያልተነካ ዱር ይመስለዋል። ነገር ግን የዚያው የመካከለኛው አሜሪካ አገር ሕዝብ የሆኑት ማያዎች ከጥንት ጀምሮ «ሚልፓ» በሚባለው፣ ዱሩን መንጥረውና አቃጥለው በቆሎ፣ አደንጓሬና ዱባ አብረው በሚዘሩበት እርሻቸው ሲያርሱት፣ መልሰው ሲያሳርፉት፣ ፍሬው የሚበላውን ዛፍ እየመረጡ ሲያቆዩት የኖረ ነው። መመንጠሩና ማቃጠሉ ለእኛ አይሆንም፤ ስብጥር አዘራሩ ግን ለቡሬ አካባቢ ጓሮ ይስማማል።

ዝናቡ ሲጸና በቆሎውን በመስመር መካከል 80፣ በተክል መካከል 40 ሳንቲ ሜትር አራርቃችሁ ዝሩ። አገዳው ወፍራም የሆነ ዝርያ ይሁን።

ስህተት የሚበዛው አደንጓሬው ላይ ነው። አብሮ ከተዘራ ለጋውን በቆሎ ጠምጥሞ ይጥለዋል። በቆሎው አንድ ስንዝር፣ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን አርሙና ከግንዱ 10 ሳንቲ ሜትር ርቃችሁ ሁለት ሁለት ፍሬ፣ 4 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቅበሩ። ሐረግ የሚጥለውን ምረጡ፤ አጭሩ ቦሎቄ አገዳ ላይ አይወጣም። ዱባውን በዚያው ሳምንት በየ3 ሜትሩ ትከሉ፤ ቅጠሉ አፈሩን ሸፍኖ አረም ያፍናል።

ሽልሻሎ፣ ማለትም በበቀለው በቆሎ መካከል በበሬ ማረስ፣ እዚህ ማሳ አይገባም፣ ሐረጉን ይበጥሳል፤ አረሙ በእጅ ነው። ውሃ የሚተኛበት ቦታ ላይ ቦይ ቅደዱ፣ ያለዚያ የአደንጓሬው ሥር ይበሰብሳል። አደንጓሬ ከአየር የሚይዘው ናይትሮጅን በአብዛኛው ለራሱ፣ ተረፉም ለመጪው ሰብል ነው፤ ስለዚህ ዘንድሮ የበቆሎውን ማዳበሪያ አታስቀሩ።